ሰባተኛው ምሰሶ

ሰኔ 6

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የቅርስ ባለሙያዋ ናት። «አባት፣ ስለ ባቡር ጣቢያው ዕቃ መጋዘን የሚያስታውሱትን፣ በየቀኑም የመጣልዎትን ያስጽፉበት» አለችኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ፉርጎ ግን ቆጥሬአለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኩሊ ካቦ ሆኜ አንድ ጆንያ አላጎደልኩም። የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት። ውላችን እንዲህ ነው፦ ያልኩትን ትጽፋለች፣ ከራሷ አትጨምርም፣ ከእኔ አትቀንስም፣ ለማንም አታሳይም። ለባለሙያዋ የሚሆናትን መርጬ አስነብብላታለሁ፤ የቀረው የራሴ ነው።

ምራቴ «እሺ አባባ፤ ሲያስሉስ ልጻፈው?» ትለኛለች። ይቺ ናት እንግዲህ።

ነገሩ የመጣው በመጋዘኑ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። አነበበችልኝ። መጋዘኑ ለሕዝብ አደገኛ ስለሆነ በክረምቱ መጨረሻ ይፈርሳል፤ ተቃውሞ ያለው ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ ያስረዳ፣ ይላል። አደገኛ! የእኔ ጥርስ ሁሉ ረግፎ እሱ አንድ ድንጋይ አልወደቀበትም።

ሰኔ 9

ዛሬ ባለሙያዋን ይዤ ገባሁ። ይዛኝ ገባች የሚል ካለም ይበል፤ መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ትምህርቷ ብዙ ነው፤ ግን ዕቃ ሲወርድ አይታ አታውቅም።

«ባቡሩ ቤት ውስጥ ይገባ ነበር?» አለችኝ።

«ታዲያ ስኳር ዝናብ ላይ ይራገፍ?» አልኳት።

አሳየኋት። ሐዲዱ በትልቁ ቅስት በር ይገባና በረጅሙ ወለል ጎን ያልፋል። ወለሉ ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል ነው፤ በርሜሉ ይንከባለላል እንጂ አይነሳም። ይህን ያሰበ ሰው ወገቡን አሞት የሚያውቅ ሰው ነው። በሌላው ጎን የጋሪ በሮች አሉ፤ በኋላ ካሚዮን መጣ እንጂ የተሠሩት ለጋሪ ነው። የበሮቹ ማዕዘን ድንጋይ ክብ ሆኖ የተጠረበው የጋሪ ጎማ ሲታከከው እንዳይሰበር ነው። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ብርሃን ይግባ፣ ሌባ አይግባ ተብሎ ነው። ከእኔ አባት በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው የሠሩት። የጣራው ብረት ቁጥር ተጽፎበት በመርከብ መጣ ይባላል።

ግድግዳው ላይ የከሰል ሰረዞች አየች። «እስረኞች ነበሩበት እንዴ? ቀን የሚቆጥሩ ይመስላል» አለች። እስኪያስለኝ ሳቅሁ። የእኛ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ያራገፈውን ፉርጎ በሰረዝ ይይዛል፤ ማንበብ የሚችል ስላልነበረ ሁሉም የራሱን ምልክት ከላይ ይሥላል። የእኔ ቡድን ምልክት መዶሻ ነው። ረጅሙ ሰልፍ የማን እንደሆነ ራሷ ትቁጠር። ቆጠረች።

ምሰሶዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ የወጣ ነው፤ እግሩ በተፈለፈለ ድንጋይ ውስጥ ቆሟል፤ እኛ የድንጋይ ጫማ እንለዋለን። ሰባተኛው ጋ ስንደርስ «ከባድ ዕቃ የሚያነሳው ክሬን እዚህ ምሰሶ ላይ ነበር የሚሉት?» አለች። ጉልበቴን አሞኛል አልኳትና ወጣን።

አሞኝ ነበር። ጻፊው፣ አሞኝ ነበር።

ሰኔ 10

ዝናብ። ጉልበቴ ደህና ነው። ይህን አትጻፊው።

ሰኔ 17

የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አስጠራን። ባለሙያዋ፣ እኔ፣ ምራቴም ልታነብልኝ። መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦልኛል። ይልቅ ባለጌ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አባቴ፣ ቤቱን ስለጠላሁት አይደለም» አለ። «ይሄን ይስሙኝ።» ካረጀ ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። አርባ አንድ ዓመት የሆነው ወረቀት ነው። ጮክ ብሎ አነበበው። የሰባተኛው ምሰሶ እግር በእርጥበትና በምስጥ በስብሶ ስለነበር ሸክም ላይ ሳለ ከነክሬኑ ወደቀ፤ አንድ ጫኝ ሞተ። ምስክሮች የሚዛኑ ጸሐፊ በፊርማ፣ የቡድኑ ካቦ በአውራ ጣት።

«አሥራ ሁለቱም ምሰሶ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ጫካ እንጨት ነው» አለ። «አንዱ ያኔ ከበሰበሰ ሌሎቹ ዛሬ ምን ይሆናሉ? ነገ ሰው ላይ ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች። «ካቦው እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ» አልኩ።

የሞተው ጫኝ ፉጨት ነው። ሲሸከም ያፏጫል፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እኔን ጫንቃው ያለኝም እሱ ነው። ጓደኛዬ ነበር። የምራቴ አባት ነው። ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እነሱ ቤት ዱቄት አልጎደለም። ጣራቸውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሷን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። እናቷ በሰው ፊት ስታመሰግነኝ ተቆጥቼ እወጣ ነበር። ልጄ አገባታለሁ ሲል ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀጥዪ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመች። «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ይፍረስ። አባቴን የበላ ቤት ነው። ሲፈርስ ቆሜ ነው የማየው» አለች።

ይህንንም ጻፊው አልኳት። እስክሪብቶውን ጫን አድርጋ ነው የምትጽፈው፤ ድምፁ ይሰማኛል።

ሰኔ 24

የሚዛን ጸሐፊው ቤት ሄድኩ። አልጋ ይዟል፤ ምላሱ ግን አልተኛም።

«ጫንቃው! እስካሁን አልሞትክም?» አለኝ።

«አንተን ልቅበር ብዬ ቆይቻለሁ።»

ስለ ድሮ ተጨዋወትን። መሐንዲሱ ያነበበውን ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ «ወረቀት ወረቀት ነው፤ እኛ ስንሞት ያበቃል፤ አርፈህ ተቀመጥ» አለኝ። «ቤቱ ይፈርሳላ» አልኩት። «ይፍረስ! ቤት ነው ወይስ ልጅህ? ደግሞ ልጅ ካነሳህ፣ ቤትህ ውስጥ ማን እንዳለች አትርሳ» አለ።

ምራቴ ይህን ስትጽፍ እጇን አቆመችና «ስለ ምንድን ነው አባባ?» አለችኝ። ስለ ጡረታ ነው አልኳት።

ሐምሌ 2

መጋዘኑን በቆርቆሮ አጠሩት። መግባት ክልክል። ዘበኛ ቆሟል። በቀዳዳ አየሁ። «አባት፣ ዞር ይበሉ» አለኝ። እኔን! እዚያ በር ላይ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የምለው እኔ ነበርኩ። ዝናብ አሳደደኝ።

ሐምሌ 15

ባለሙያዋ ቤት መጣች። ምራቴ ሻይ አቀረበችላት። ለዚያ ቤት ያላትን ጥላቻ በእንግዳ ላይ አታወጣም፤ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኋት።

ባለሙያዋ ያን ቀን ያነሳችውን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። መነጽሬ ጠፍቷል አልኳት። ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «ሰባተኛው ምሰሶ ክሬን ስለሚሸከም ደጋፊ እንጨት ነበረው፤ ከወገቡ ተነስቶ ወለሉ ላይ የሚያርፍ፣ እግሩ ሥር በሚሰነቀር ሽብልቅ የሚጠብቅ። ሽብልቁ የሚገባበት ቀዳዳ በመዶሻ ብዛት ሰፍቷል። ደጋፊው በየጊዜው ይነቀል ነበር እንዴ?»

«አላስታውስም።»

«ሌላም አለ። የወደቀው ምሰሶ ራሱ ነው ተመልሶ የቆመው፤ ቁጥሩ ተቀርጾበታል። የበሰበሰ እንጨት ማን መልሶ ያቆማል?»

«አላስታውስም።»

ሻዩን አስቀመጠች። «እንጨቱን በስቶ የሚመረምር መሣሪያ አለ። መሐንዲሱ ግን ያቺን ወረቀት ይዞ ማንም አይገባም ብሏል። በዓይኑ ያየ ምስክር መጥቶ ወረቀቷ ትክክል አይደለችም ካለ መመርመራቸው ግድ ነው። ካልሆነ ይፈርሳል። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ አንደኛው አልናገርም ብሎኛል።»

ምራቴ ከጓዳ «አባባ የማያውቁት ነገር የለም፤ እርጅና ተጫጭኗቸው ነው፤ ትንሽ ጊዜ ስጫቸው» አለች። ተከላከለችልኝ። እሷ! ለእኔ!

ሐምሌ 16

ሰማንያ ዓመት ልሞላ ነው፤ አላስታውስም ብዬ አላውቅም። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አልኩ። የትኛው ፉርጎ በየትኛው ዝናብ እንደገባ የማውቅ ሰው። ፈሪ ብለሽ ጻፊ። ማንን እንደሆነ አልነግርሽም።

ሐምሌ 23

ጠዋት ምራቴ ራሷ አነሳችው። «አባባ፣ ያ ቤት እንቅልፍ ነሳዎት። ምስክርነት መስጠት ከፈለጉ እጽፍልዎታለሁ። እኔ ይፍረስ ነው የምለው፤ ለእርስዎ ስል ግን እጽፋለሁ።»

ለእኔ ስትል።

ምሳ አልበላሁም። ሆዴን ነው አልኳት።

ሐምሌ 29

ልጄ ደወለ፤ ካሚዮን ነጂ ነው፣ ሩቅ መንገድ ላይ ነው። «አባዬ፣ ሚስቴን ደብተር አስይዘህ ጸሐፊህ አደረግካት አሉ» ብሎ ሳቀ። ሳቅሁ። ልነግረው አፌን ከፈትኩና የመንገዱን ጭቃ ጠየቅሁት። ሌላ ሰው ፈልጌ ባስጽፍስ? ማዘጋጃ ቤቱ ግን በሕዝብ ፊት ነው የሚያነበው፤ ከተማው ሁሉ ሰምቶ ማታ ከጎረቤት ትስማው? ይህን ምን ብዬ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ዝም ብለሽ ጻፊ።

ነሐሴ 5

ዛሬ ቁጭ በይ አልኳት። በሩን ዝጊው። ረጅም ነው፤ እስክጨርስ አታቋርጪኝ። ምስክርነቴ ነው።

የዚያን ቀን የወፍጮ ሞተር የጫነ ፉርጎ ገባ። ሞተሩን በክሬን አንስተን ወደ ጋሪው በር ልናዞረው ስንል ደጋፊው እንጨት ከለከለን፤ ሞተሩ ሰፊ ነው፣ አያሳልፍም። ደንብ አለን። ሰፊ ዕቃ ሲመጣ ደጋፊው ይነቀላል፤ የሚነቀለው ግን የክሬኑ መንጠቆ ባዶ ሆኖ ነው። ሸክም ተንጠልጥሎ ደጋፊ አይነካም። ይህን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

ሞተሩን መልሶ ማውረድ፣ ደጋፊውን ነቅሎ በምትኩ ምሰሶውን የሚይዝ ሰፋ ያለ ማሰሪያ ከጣራው ላይ መወጠር፣ ከዚያ እንደገና ማንሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባቡሩ ባዶውን ፉርጎ ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ይነፋል። የሁለተኛው ቡድን ካቦ ከማዶ ሆኖ ያየናል። «ጫንቃው ዛሬ ደከመው» ብሎ ሳቀ። ሰማሁት። ከዚያ በፊትም ሸክም ላይ እያለ ነቅለናል። ብዙ ጊዜ ነቅለናል፤ ምንም ሆኖ አያውቅም።

ፉጨት «ካቦ፣ እናውርደው» አለኝ።

«አንተ ማፏጨትህን አፏጭ» አልኩት። መዶሻውን ለማንም አልሰጠሁም፤ ራሴ አነሳሁት። ሽብልቁን መታሁ። ወጣ። ደጋፊው ወደቀ። ምሰሶው ትንሽ አቃሰተና እግሩ ከድንጋይ ጫማው ሾልኮ ወጣ። ፉጨት ከሞተሩ ሥር ነበር። ወደ ማዶ የተሻገረ መስሎኝ ነው።

እንጨቱ አልበሰበሰም። ምስጥ አልነካውም። የሚዛን ጸሐፊው ነው የበሰበሰ ብሎ የጻፈው፤ ካቦው ከታሰረ ቡድኑ በሙሉ ይባረራል፣ የሁላችሁም ልጆች ይራባሉ አለኝ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። በነጋታው አስከሬኑን ከፊት የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ምሰሶውን በሳምንቱ መልሰን ስናቆም እንጨቱን በእጄ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩት፤ ጤነኛ ነበር።

አባትሽን ቤቱ አልገደለውም። እኔ ነኝ።

ጻፊ። ለምን አቆምሽ? አንቺ ልጅ፣ ጻፊ እንጂ። ውላችን

ነሐሴ 8

ይህን የሚጽፈው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። «ጉዳዩ ምንድን ነው?» አለኝ። ጉዳይ የለውም አልኩት። «ያለ ጉዳይ አልጽፍም አባት፤ ከላይ አንድ ነገር መግባት አለበት» ይለኛል። እንግዲያው ምራቴ ናት በል።

እሷ ያቆመችው «ውላችን» የሚለው ላይ ነው፤ ጸሐፊው አይቶ ነገረኝ። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከደነችው። መድኃኒቴንና የውኃ ብርጭቆዬን አልጋው አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ልብሷን በከረጢት ይዛ አክስቷ ጋ ሄደች። መድኃኒቱን ባታስቀምጠው ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ደወለ። «አባዬ፣ ምን አድርገሃት ነው? አትናገርም» አለ። ነገርኩት። የካሚዮኑን ሞተር ሲያስነሳ ሰማሁ። «ልዝጋው፣ መንዳት አለብኝ» አለ።

ዝም ብዬ ብሞት ቤቱ ይፈርስ ነበር፣ እሷ ግን እዚህ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሳሰላስል ነው የዋልኩት። ጸሐፊው «አባት፣ ይሄ ማመልከቻ አይመስልም» ይለኛል። አንተ ጻፍ።

ነሐሴ 12

ማዘጋጃ ቤት። አዳራሹ ሞልቷል። ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ስገባ አንዷ «ይሄ ነው እንዴ? ደግ ሰው አልነበር?» ስትል ሰማሁ።

ቆሜ ተናገርኩ። ወንበር ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። ደጋፊውን፣ ሽብልቁን፣ መዶሻውን፣ ወረቀቱን።

መሐንዲሱ «አባቴ፣ ያኔ ዋሽተው ፈርመዋል። ዛሬ እውነት እንደሚናገሩ በምን እናውቃለን?» አለ። ደንበኛ ጥያቄ ነው።

«እንጨቱን ብሱት» አልኩት። «እኔን አትመኑኝ። እሱን ጠይቁት።»

ሰብሳቢው ደግሞ «ሟቹ ከሸክሙ ሥር መቆሙን አይተዋል?» አለ።

«አላየሁም። የተሻገረ መስሎኝ ነበር።» ጻፉት።

ማፍረሱ እንዲቆም፣ ምሰሶዎቹ እንዲመረመሩ ወሰኑ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «የእርስዎን ነገር በተመለከተ ጊዜው አልፏል፤ በሕግ አይጠየቁም» አለኝ። ለማን ነው ያለፈው? እጄን ለካቴና ዘርግቼ ነበር የመጣሁት፤ እንደ ቡችላ ሂድ አሉኝ።

ስወጣ ምራቴን የኋላ ወንበር ላይ አየኋት። ነጠላ ተከናንባለች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር።

ነሐሴ 15

ሰው አላናገርኩም። ዳቦ ሻጩ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ዞረ። ይዙር።

ነሐሴ 23

የምርመራው ውጤት ወጣ። አሥራ ሁለቱንም ምሰሶ በቀጭን መሰርሰሪያ በስተው አዩ። ሁለቱ ጫፋቸው ላይ እርጥበት አላቸው፣ ይጠገናሉ። ሰባተኛው እስከ እምብርቱ ደረቅ ነው። መጋዘኑ አይፈርስም። ባለሙያዋ አስጠርታኝ ሄድኩ፤ ቆርቆሮው ተነስቷል። አቀፈችኝ። መሐንዲሱም እጄን ጨበጠኝ። እኔ ከእንጨቱ የወጣውን ብናኝ ነበር የማየው፤ መሬት ላይ ፈሷል፣ ቢጫ ነው፣ አዲስ እንጨት ይሸታል። አርባ አንድ ዓመት ስሙን ያጠፋሁት እንጨት።

ምራቴ በጋሪው በር ገባች። ማንም አልጠራትም። ለባለሙያዋ ሰላምታ ሰጠችና ወደ እኔ መጣች።

«አባቴ የት ነበር የቆመው?»

አሳየኋት። ባለሙያዋን «እባክሽ እዚህ ቁሚልኝ» አለቻት፤ ቆመችላት።

«አንተስ?»

አንቱ ስትለኝ ነው የኖረችው። ሄጄ ደጋፊው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ ስድስት እርምጃ ነው። ተከትላኝ መጣችና ዞር በልልኝ በሚል በእጇ ገፋ አደረገችኝ። በእኔ ቦታ ቆማ ወደ ባለሙያዋ አየች። ጣራው ላይ ዝናብ ጀመረ።

«ከዚህ እኮ የጫማዋ ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል» አለች።

ቢጫውን ብናኝ በእግሬ ሰበሰብኩ።

«የጋረደህ ነገር ነበር?»

«አልነበረም።»

«ማዘጋጃ ቤት እንዲህ አላልክም።»

«አላልኩም።»

«እንግዲያው አስጨምረው» ብላ በመጣችበት በር ወጣች። ዝናቡን አልጠበቀችም።

ከመጋዘኑ በቀጥታ ወደዚህ ጃንጥላ ነው የመጣሁት። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚሄድ ነው፤ በደንብ ጻፍልኝ። አይቼዋለሁ። ከሞተሩ ሥር ቆሞ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ነበር። ፈጣን ነው፣ ይወጣል ብዬ፣ ያ ከማዶ የቆመው ካቦ ደግሞ እንዳይስቅብኝ ብዬ፣ እያየሁት መታሁ። ሽብልቁ አንድ ጊዜ ተመትቶ አልወጣም። ሁለተኛውን ከመምታቴ በፊት ቆይ ብሎኛል። ጻፍክ? እጁን አንስቶ ነበር።